አራት ሯጭና አንዲት ታኮ

ሽጉጡ ሳይተኮስ ፌንጣ ተንኮሉን ሠርቶ ጨርሶ ነበር።

ሥራው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ያወልቃል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ፌንጣ ያሉት የሩጫ ክለቡ ሰዎች ናቸው፤ ሲሮጥ መሬቱ የሚያቃጥለው ነው የሚመስለው። እጁ ደግሞ ዕረፍት አያውቅም። በየውድድሩ ከአንዱ ጓደኛው ቦርሳ አንድ ነገር ካልከተተ የሮጠ አይመስለውም፤ አንዴ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ አንዴ በየሰዓቱ የሚጮህ የጠረጴዛ ሰዓት። ዛሬ ያመጣው ግን ታኮውን ነው። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚወሽቃት ድንጋይ ናት፣ ሁለት ቡጢ የምታክል፣ ዘይት ጠጥታ ጠጥታ የጠቆረች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ ጠብቆ ከቦርሳቸው ሥር፣ ከዝናብ ልብሳቸው በታች ሸጎጣት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እግራቸው ቤት መቀመጥ እንቢ ቢላቸው ክለቡ ገቡ። ሩጫቸው ሩጫ ይባል እንደሆነ እንጃ። ግን አይቆምም።

ፌንጣ ደረቱ ላይ ቁጥር አስለጥፎ ሲመለስ ጋሼ የእሱን ቦርሳ ይዘው ቆመው ጠበቁት። «እንካ ልጄ» ብለው ራሳቸው አሸከሙት። ፌንጣ ትንሽ አፈረ። ትንሽ ብቻ።

የውድድሩ ሕግ አጭር ነው። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፤ ተራራ መውጣት፣ ሸለቆ መውረድ፣ ወንዝ መሻገር። ከአንድ ክለብ አራት ሰው ይነሳል፣ አራቱም መግባት አለባቸው። ሰዓቱ የሚቆመው የመጨረሻው ሰው እግር መስመሩን ሲያልፍ ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ ደግሞ ማንም አይጽፍህም። የእነ ፌንጣ ክለብ አራት ዓመት ሞክሮ አራቱንም ዓመት ሳይጻፍ ቀርቷል። የአምናው ጥፋት የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ፌንጣ አስረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትዕግሥቱ አልቆ ሦስቱን ጥሎ ፈተለከ። ሰው አጨበጨበለት፣ የልብ ልብ ተሰማው፣ መድረሻው ላይ ስም የሚጻፍበት ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ጻፉኝ አለ። ጸሐፊዋ ሦስቱ የት አሉ ስትለው «ይደርሳሉ» አላት። ሦስቱ ጭጋግ ውስጥ መንገድ ስተው ሲንከራተቱ ውለው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ገቡ። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ቁርጡን ተናገሩ፤ አሁንም ካልጨረሳችሁ ክለባችሁ ከዝርዝር ይወጣል፣ ቦታችሁን ለሌላ እንሰጣለን አሉ።

የክለቡ አለቃ እትዬ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ ሩጫ ላይም ቢሆን ክር የገባላት መርፌ ከኮሌታቸው አትለይም። እሳቸውም አዲስ ሕግ አወጡ፦ ቀርፋፋው ይመራል፣ ፈጣኑ ከኋላ ይከተላል። ስለዚህ ፊት ጋሼ፣ ቀጥሎ እትዬ፣ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው ጎተራ። ጎተራ ስሙን ያገኘው በሆዱ ስፋት ነው፤ እሱም አልካደም። ከሁሉ ኋላ ፌንጣ፣ ከነገመዱ። ገመዱ ጎተራ ዱቄት ሲጭን ጆንያ የሚያስርበት ነው፣ ሃያ አምስት ሜትር።

ሽጉጡ ተተኮሰ። ሁሉም ክለብ እንደ ንብ ወጣ። እነሱ እንደ ወረፋ ወጡ።

ገና ዳገቱ ሳይጀምር ፌንጣ ማጉረምረም ጀመረ። ገመድ ነው ወይስ ባቡር የጫናችሁብኝ አለ። ጎተራ ዞር ሳይል ዱቄቱንም ብታየው ምን ልትል ነው አለው። እትዬ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ብለው ሊያጽናኑት ሞከሩ። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኛ ጫጩት አሳድገን እንጨርሳለን አላቸው ፌንጣ።

ዳገቱ ላይ ጫማ ሊያስሩ ቆመው የነበሩት ባለ አንድ ልብሶቹ ከኋላ ደረሱባቸው። ትልቅ ክለብ ናቸው፤ ካልሲያቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። መሪያቸው ቀይ ጫማ ያደረገ ቀጭን ሰው፣ ከፌንጣ ጎን ለጥቂት ሮጠ።

«አንተ እኮ እግር አለህ። ከጡረተኛ ጋር ምን ትሠራለህ?»

ፌንጣ የቦርሳውን ማንገቻ አጠበቀ። ቀይ ጫማ ሳቀና ወጣ። ጓደኞቹ ተከተሉት፤ አራተኛቸው፣ መነጽር ያደረገ ወፈር ያለ ሰውዬ፣ ከመቶ ሜትር ኋላ ያለከልካል።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተገለበጠ። መጀመሪያ ጭጋጉ መጥቶ ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ የጎተራን ጀርባ ሳይቀር ዋጠ፤ የጎተራን ጀርባ የሚውጥ ጭጋግ እንግዲህ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ከዚያ በረዶው ወረደ። ጆሮ ይገርፋል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ከእግር ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል። ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ይነፍሳል። መንገዱን የሚያሳየው ድንጋይ ላይ የታሰረ ቢጫ ጥብጣብ ነው፤ እሱም ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም።

ጋሼ አልቆሙም። ከጥብጣብ እስከ ጥብጣብ ስንት እርምጃ እንደሆነ ከታች ጀምረው ሲቆጥሩ ነው የመጡት። መቶ ስልሳ ሲሞላ ይቆማሉ፣ በእጃቸው ይዳብሳሉ፣ ያገኙታል። እንደገና አንድ ብለው ይጀምራሉ። አንዴ ከግራ በኩል፣ ከታች፣ የሚጣሩ ሰዎች ድምፅ ተሰማ። ባለ አንድ ልብሶቹ ናቸው፤ በፍጥነታቸው ጥብጣቡን አልፈው ወርደዋል። ጋሼ አፋቸው ላይ እጃቸውን አድርገው መንገዱ ወዲህ ነው ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ነፋሱ ቃሉን ወሰደው።

ፌንጣ ከኋላ ሆኖ የሚያየው የጋሼን ቦርሳ ነው። ቦርሳው ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል፤ ሽማግሌው ሸርተት ባሉ ቁጥር እሱ ታኮዋን ያስባል። አሁን ብነግራቸውስ? እትዬ እዚሁ በመርፌ ይሰፉኛል። ሆድ ይፍጀው ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ፀሐይ ወጣች፣ ሸለቆው እንደ እንፋሎት ቤት ሞቀ። መንገዱ ሸንበቆ መሃል ገባ። ግራም ቀኝም ሸንበቆ፣ ከሰው ቁመት በላይ። ጋሼ በድንገት ቀጥ አሉ።

ጎሽ ነው። ብቻውን፣ መንገዱ ላይ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም። ቀንዱ ላይ ጭቃ ደርቆበታል። አየሩን ማገ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

የፌንጣ እግር ራሱ መወሰን ጀመረ። እግሬ አውጪኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ጋሼ ጀርባቸውን እንደሰጡት፣ ደብዳቤ የሚያነቡ በሚመስል ድምፅ፣ «እንዳትሮጥ» አሉት። «ፖስተኛን ውሻ የሚነክሰው የሮጠ ቀን ነው።»

ጎሹ መጣ። እውነት መጣ፤ መሬቱ በጫማቸው ውስጥ ተሰማቸው። ጎተራ ዓይኑን ጨፈነ። ፌንጣ ግን ቆመ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ቆሞ አያውቅም። ጎሹ ስምንት እርምጃ ሲቀረው ጭቃውን ረጭቶ ቆመ፣ አያቸው፣ የሚያስፈልገውን ያላገኘ ይመስል ዞሮ ሸንበቆውን ሰንጥቆ ገባ።  ከዚያ ጎተራ ሱሪው ደረቅ እንደሆነ በክብር አሳወቀ፣ ሁሉም እየተንቀጠቀጡ ሳቁ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ድልድዩ የለም። ሁለት ግንድ ነበር፤ ጠዋት ላይኛው አገር የዘነበው ወርዶ ጠርጎታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሌላ ወንዝ ነው፤ ይሄኛው ፊቱን አኮሳትሮ ነው የሚወስደው። ስፋቱ አስራ አምስት ሜትር ይሆናል። ማዶ አንድ የወደቀ ባለ መንታ ግንድ አለ፤ ገመዱ እዚያ መንታው ላይ ቢያዝ ይሻገራሉ።

ፌንጣ ገመዱን ወረወረ። ጫፉ ቀላል ስለሆነ ግማሽ መንገድ ሄዶ ውሃ ውስጥ ተኛ። ደገመ። ያው። ድንጋይ ይታሰርበት አሉ እትዬ። ዙሪያውን ፈለጉ፤ ዳርቻው ሁሉ ደለል ነው፣ ጭቃና አሸዋ። ጠጠር እንኳ የለም።

የፌንጣ ጆሮ ጋለ።

«ጋሼ… ቦርሳዎ ውስጥ ድንጋይ አለ። እኔ ነኝ የከተትኩት።»

እትዬ ዞረው አዩት፤ ያ አስተያየት ከጎሹ ይብሳል። ጋሼ ግን ቦርሳቸውን አውልቀው ገለበጡት። የዝናብ ልብስ ወደቀ፣ ፎጣ ወደቀ፣ የውሃ ላስቲክ ወደቀ። ድንጋይ የለም።

«የእኔ ትከሻ እኮ የአንዲት ፖስታ ጭማሪ ያውቃል» አሉት። «ገና ሳነሳው ገባኝ። አውጥቼ ሳየው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ የላኪው አድራሻ ይሄው። ተቀባይ ያልፈለገው ዕቃ ለላኪው ይመለሳል፣ ደንብ ነው። የራስህን ቦርሳ እየው።»

ፌንጣ እጁን ከተተ። ከታች፣ ከፎጣው ሥር፣ ታኮዋ አለች። አርባ አራት ኪሎ ሜትር ተሸክሟታል። ጎተራ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ግን ለምን፣ ጋሼ?»

«አምና ቀለህ በረርክብን። ዘንድሮ ትንሽ ይክበድህ ብዬ ነው።»

 ፌንጣ ካልሲውን አውልቆ ታኮዋን ከተተበት፤ እትዬ መርፌያቸውን አወጡና የካልሲውን አፍ ከገመዱ ጫፍ ጋር ሰፉት፣ ሦስት ዙር፣ የሠርግ ልብስ የሚሰፉ ይመስል። ፌንጣ አሽከረከረና ለቀቀው። ማዶ ደርሶ ግንዱን ነክቶ ወደቀ። ሳበ፣ ደገመ። በሦስተኛው ታኮዋ መንታው ውስጥ ገብታ ያዘች። ጎተራ ወዲህኛውን ጫፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ደለሉ ውስጥ እስከ ቅልጥሙ ተተከለ። ከእሱ የተሻለ ምሰሶ የትም አይገኝም።

ፌንጣ ቀድሞ ተሻገረና ገመዱን ግንዱ ላይ አጠበቀ። እትዬ ተከተሉ። ጋሼ ወንዙ መሃል ሲደርሱ ባለ አንድ ልብሶቹ ከሸንበቆው ወጡ፤ ጭቃ በጭቃ፣ ሦስት ሆነው። ቀይ ጫማ ሰዓቱን አየ። ተራ አልጠበቀም፤ ጎተራ ቆይ እያለው ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ። ገመዱ ረገበ። ጋሼ እስከ አንገታቸው ገቡ፣ ከዚያ ኮፍያቸው ብቻ ታየ፣ ከዚያ ኮፍያውም ሄደ።

ፌንጣ አላሰበም። አንድ ክንዱን ገመዱ ላይ ጠምዝዞ ገባ። ውሃው ደረቱን መታው፣ እግሩን ከሥሩ ነጠቀው፣ ዓይኑን በጭቃ ሞላው። እጁ የቦርሳ ማንገቻ ነካ። ያዘ። ጎተራ ሁለት ሰው እየጎተተው አንድ ጣት አልተነቃነቀም። ፌንጣ ማንገቻውን በእጁ፣ ከዚያ በጥርሱ ይዞ፣ ጋሼን ክንድ በክንድ እየጎተተ እትዬ እጅ ላይ አደረሳቸው። ጋሼ አሳላቸው፣ ውሃ ተፉ፣ ጫማቸውን ቆጠሩ። ሁለት። ቀይ ጫማ ወደ ኋላው ዳርቻ ተመልሶ ገርጥቶ ቆሟል።

ጎተራ ከማዶ ሆኖ ጥያቄ አለኝ አለ፤ እነዚህን ላሳልፋቸው ወይስ ልቀመጥባቸው? ፌንጣ መልሱን ያውቀው ነበር። ጋሼ ግን እያሳላቸው እጃቸውን ወዘወዙ፤ ይለፉ፣ አንድ በአንድ።

ሦስቱ ተሻገሩ። ቀይ ጫማ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል እትዬ አራተኛችሁስ አሉት።

«ይደርሳል» አለና ሮጠ።

ያቺን ቃል ፌንጣ አወቃት። የራሱ ቃል ናት። የአምናዋ።

ጎተራን ለሦስት ጎትተው፣ ወንዙን ግማሽ አስጠጥተው አወጡት። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሊነሱ ሲሉ መነጽር ያደረገው ሰውዬ ማዶ ብቅ አለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ። ወንዙን አየ፣ እነሱን አየ፣ ቁጭ አለ። እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። ጋሼ ፌንጣን አዩ።  ፌንጣ ታኮዋን ከነካልሲዋ አሽከርክሮ መልሶ ወረወራት።

«ወገብህ ላይ እሰርና ግባ። ድንጋይዋን እንዳትጥልብኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

ከዚያ ወዲያ አምስት ሆነው ሄዱ። ስምንት ኪሎ ሜትር፤ ድንጋያማ ሜዳ፣ ከዚያ እሾህ፣ ከዚያ የመጨረሻዋ ዳገት። ጋሼ አሁንም ፊት። ሰውዬው ጎተራ ትከሻ ላይ ተደግፎ ያነክሳል። ፌንጣ ከሁሉ ኋላ፣ ገመዱ ትከሻው ላይ፣ ታኮዋ ቦርሳው ውስጥ። ማንም ያዛት ያለው የለም። ጋሼ ሲደክሙ ከኋላ ሆኖ ቀልድ ያወራል፤ ሲስቁ እግራቸው እንደሚፈታ ዛሬ ነው የደረሰበት።

ዳገቱ ላይ ወጥተው ሜዳውንና የሰውን ብዛት ሲያዩ አስራ አንድ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። ጠረጴዛው አጠገብ ባለ አንድ ልብሶቹ ሦስቱ ቆመዋል፤ ጸሐፊዋ አልጻፈቻቸውም። ሜዳው ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ሽማግሌ ፊት፣ ሴትዮ ቀጥሎ፣ ጎተራና አንካሳ ተቃቅፈው፣ ጭቃቸው ደርቆ እንደ ግድግዳ የተሰነጣጠቀ። ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ።

ጋሼ መስመሩን አለፉ። እትዬ። ጎተራ። ሰውዬው አለፈና ቀይ ጫማ ሮጦ ሊያቅፈው መጣ፤ ዓይኑን ግን ወደ እነ ጋሼ ቀና ማድረግ አቃተው። ፌንጣ ብቻ ቀረ። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መስመሩ አፋፍ ላይ ቆመ።

ሦስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ጎተራ ጸጉሩን ያዘ። ፌንጣ ተረጋግቶ ቦርሳውን ከፈተ፣ ታኮዋን አወጣ፣ በሁለት እጁ ለጋሼ ዘረጋላቸው።

«ፖስታ አለዎት፣ ጋሼ። ይፈርሙልኝ።»

ጋሼ ፊታቸው ለመቆጣት ሞከረ፤ እንቢ አለው። ድንጋይዋን ተቀበሉ፣ በሌላው እጃቸው የልጁን ኮሌታ ይዘው መስመሩን አሻገሩት። ሰዓቱ ቆመ። ጸሐፊዋ የክለቡን ስም ጻፈች፣ ከሥሩ አራት ስም፤ እትዬ ቀለሙ እስኪደርቅ ከላዩ አልተነሱም።

ጋሼ ለላኪው መልሰዋት፣ ታኮዋ ዛሬ ጎሚስታ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ናት፣ ከተሰፋችው ካልሲዋ ጋር። ባለፈው አንድ ሹፌር መኪናው ሲንሸራተትበት ሮጦ ሊያነሳት ሲል ፌንጣ ጎማ እየነፋ ከታች ጮኸበት።

«ኧረ እሷን ተዋት፣ ወንድሜ። ለመኪና ሌላ ድንጋይ እሰጥሃለሁ። እሷ ያቆመችው እኔን ነው።»