ግራጫው ምርጫ

«ለምንድን ነው የማይመረጠው?» አለች ዲሳ።

ኤልዲን ማውሱን ጠረጴዛው ላይ አሸት አሸት አድርጎ እንደገና ጠቅ አደረገ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ምርጫዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው «ፋይሎችን፣ ፕሮግራሞችንና ሴቲንጎችን አቆይ» ይላል። ሁለተኛው «ፋይሎችን ብቻ አቆይ»፤ ሦስተኛው «ምንም አታቆይ»። የታችኞቹ ሁለቱ በደማቅ ጥቁር ተጽፈዋል። የላይኛው፣ እነሱ የሚፈልጉት፣ ግራጫ ነው። ቢጫኑት አይንቀሳቀስም።

«ቆይ አንዴ» አለ ኤልዲን።

«ቆይ ስትለኝ ግማሽ ቀን ሆነ እኮ።»

«አቦ ተረጋጊ! ኮምፒውተር ስታጨናንቂው አይወድም።»

ዲሳ ፊቷን ወደ ውጪ አዞረች። ከትንሿ ቢሮ መስኮት ወዲያ የአባቷ ግሪን ሃውስ፣ አትክልት የሚያበቅልበት የመስታወት ቤት፣ ይታያል። ባለፈው ሳምንት የተተከሉት የቲማቲም ችግኞች ገና ከጉልበት አይደርሱም፤ እያንዳንዳቸው ከጣሪያው በወረደ ገመድ ተይዘው በረድፍ ቆመዋል። ውጪው በረዶ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ጨልሟል። ለችግኞቹ ቀን የሆነላቸው ከላያቸው በተንጠለጠሉት መብራቶች ነው።

ቤቱ መቼ እንደሚሞቅ፣ ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ፣ የጣሪያው መስኮቶች መቼ እንደሚከፈቱ የሚታዘዘው ከዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ዲሳ ትምህርት ቤት ሳትገባ ተዘግቷል። አባቷ በየዓመቱ ችግኞቹን እያየ ሴቲንጉን ትንሽ ትንሽ ሲያስተካክል ኖሯል። ፕሮግራሙ ከጠፋ ደግሞ እንደገና የሚገኝበት ቦታ የለም። ስለዚህ ትናንት ፈቃድ ሲሰጣቸው የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ግድ የለኝም። እሱ ግን እንዳይጠፋ።»

ኮምፒውተሩ መታመም የጀመረው ከገና በፊት ነው። ሥራ መሃል ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ሲነሳም የፕሮግራሞቹ ዝርዝር የሚወጣበት ቁልፍ አይሠራም። በስልክ የተጠየቀው የጥገና ሠራተኛ «ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው» አለ። ይህን ዲሳ ትምህርት ቤት ምሳ ላይ ስትናገር አብሯት የሚማረው ኤልዲን ድንቹን በሹካ እየጨፈለቀ ሳቀ።

«ለምን ይጠፋል? ሲስተሙን በራሱ ላይ ደግመሽ ትጭኚዋለሽ። ፎርማት አይደለም። ፕሮግራሙም ሴቲንጉም ባለበት ይቀመጣል፤ የተበላሸው ብቻ ይታደሳል። እኔ መቶ ጊዜ ሠርቼዋለሁ።»

ዲሳ ለአባቷ ነገረችው። አባቷ ጓንቱን እያወለቀ «ሲሠራ አይተሽዋል?» አላት።

«አዎ» አለች።

አላየችም። ግን ቃሉ ሳትጠራው ወጣ። ኤልዲን እርግጠኛ ነበር፤ አባቷ ደክሞት ነበር፤ «አዎ» ደግሞ በጣም አጭር ቃል ነው።

አሁን ያ አጭር ቃል ከግራጫው መስመር ጋር ተፋጧል።

«ቦታ አንሶት ይሆናል» አለ ኤልዲን። አዩ፤ ዲስኩ ባዶ ቦታ ሞልቶታል። የቫይረስ መከላከያው ይሆናል ብለው አጠፉት፤ ያው ነው። መጫኛው ያለበትን ፍላሽ ነቅለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ኤልዲን ደግሞ ፍላሹን አውጥቶ እፍ አለበት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አቧራ።»

«ቅድም ከማሸጊያው እኮ ነው ያወጣነው!»

ግራጫው ግራጫ እንደሆነ ቀረ። ዲሳ ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ነገር ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። መጫኛው የተሟላ ነው፤ ችግር ቢኖርበት ኖሮ እዚህ ድረስ አይደርስም ነበር። ኮምፒውተሩም ቢሆን እየሠራ ነው። ታዲያ ሁለቱ ደህና ከሆኑ አብረው ሲሆኑ ምን ነካቸው?

«ገባኝ» አለ ኤልዲን በድንገት። «ሁለተኛውን እንምረጥ። ፋይሎችን አቆይ ነው የሚለው። ፕሮግራም ምንድን ነው? ፋይል ነው። ሴቲንግስ? እሱም የሆነ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ያው ነው።»

ነገሩ ትክክል ይመስላል። ዲሳ እንደገና አሰበችበት፤ አሁንም ትክክል ይመስላል። የኤልዲን ጣት ማውሱ ላይ ወረደ።

«ቆይ!» እጁን ያዘችው። «ያው ከሆነ ለምን ሁለት ቦታ ጻፉት?»

«እኔ እንጃ። ስክሪኑን ለመሙላት።»

«ኤልዲን፣ ስንት ጊዜ ነው የሠራኸው?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

«መቶ ጊዜ ከሠራኸው አንዴ እንኳን ግራጫ ሆኖብህ አያውቅም?»

ኤልዲን እጁን ቀስ ብሎ ከማውሱ ላይ አነሳ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ዙር ዞረና ተመለሰ።

«ሰውዬው ላይ ግራጫ አልሆነም» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቪዲዮው ላይ ያለው።» ድምፁን ቀነሰ። «ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ሁለተኛውን ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፣ በናቴ!»

ዲሳ አየችው። መናደድ ፈለገች፤ ግን ትናንት የተናገረችው «አዎ» ትዝ አላትና ንዴቷ መቆሚያ አጣ። እሱ ስለራሱ ዋሸ፤ እሷ ስለዓይኗ። የማን ይብሳል? አላወቀችም። ሁለቱ ውሸቶች አንድ ላይ ተደርበው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠዋቸዋል።

«ጉረኛ» አለችው ብቻ።

«አውቃለሁ።»

መጫኛውን ዘጋችው። «አጥፍተን እናስነሳዋለን። እስኪነሳ ድረስ ምንም አትንካ። የሚታየውን ሁሉ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«አላውቅም። ግን ከመነሻው ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።»

ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ተነሳ። ኤልዲን እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥቁር ስክሪን። አሁንም ጥቁር። አርማ መጣ። ነጠብጣቦች ይሽከረከራሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ተመልካቾቻችን! ኦዶታ። አሁን ደግሞ የአባትሽ ስም፤ የይለፍ ቃል አስገባ...»

«ከስሙ በፊት ምን አልክ?»

«ኦዶታ። ጠብቅ ማለት ነው።»

«ትርጉሙንማ አውቀዋለሁ። ፊንላንድኛ ነው።»

«እና?»

ዲሳም «እና?» ብላ ራሷን ጠየቀች። እነሱ በሚኖሩባት የፊንላንድ ከተማ፣ ናርፔስ ውስጥ፣ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ቤት ውስጥ የሚወራው ስዊድንኛ ነው፤ የወተቱ ካርቶን ግን በስዊድንኛም በፊንላንድኛም ይጻፋል፤ የመንገዱም ምልክት እንዲሁ። ዓይን የራሱን መስመር ያነብና ሌላውን ያልፈዋል። እሷም ይህን ቃል እዚህ ስክሪን ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታልፈው ኖራለች። ግን እዚያ ስክሪን ላይ ሁለት መስመር አልነበረም። አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊንላንድኛ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ደግሞ ስዊድንኛ ነው።

«መጫኛውን ያወረድነው በምን ቋንቋ ነው?»

«በስዊድንኛ ነዋ! ኮምፒውተሩ ስዊድንኛ ስለሆነ።»

«ከሆነ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች። አባቷ ሦስተኛው የመስታወት ቤት ውስጥ አምፖል እየቀየረ ነው፤ ከድምፁ ጀርባ ማራገቢያው ይጮኻል።

«አባዬ፣ ይሄን ኮምፒውተር የት ነው የገዛኸው?»

«ሴይናዮኪ፣ ፊንላንድኛ የሚያወሩት ዘንድ። ለምን?»

«ሲመጣ ፊንላንድኛ ነበር?»

«አዎ፣ አንድም ነገር አልገባኝም ነበር። አክስትሽ ናት ስዊድንኛውን ከላይ የጨመረችልኝ። ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ገና ነው።»

«ኤልዲን አጠገብሽ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ ጥሩ» አለ አባቷ፤ ተዝናንቶ። ስልኩ ተዘጋ።

ዲሳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

«ከላይ ስዊድንኛ ለበሰ እንጂ ከሥር ፊንላንድኛ ነው» አለች። «የሌላ ቋንቋ መጫኛ ስትሰጠው ሁሉን ነገር እንዳለ ማቆየት አይችልም ማለት ነው። ይመስለኛል። እኔ እንጃ።»

«ማን ያስበዋል ይሄን!» አለ ኤልዲን። «የቪዲዮው ሰውዬ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው ያለው።»

በዲሳ ላፕቶፕ የፊንላንድኛውን መጫኛ ማውረድ ጀመሩ። መስመሩ እየተሳበ ሲሞላ አባቷ የተወላቸውን ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ በሉ። ኤልዲን ፍርፋሪውን ከኪቦርዱ ላይ በጥፍሩ እየለቀመ «ለአባትሽ ትነግሪዋለሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«መቶ ጊዜ እንዳልሠራሁት። ትምህርት ሲዘጋ እዚህ ሊያሠራኝ ቃል ገብቶልኛል። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታዋለች። ውሸታም መሆኔን ካወቀ...»

ማውረዱ አለቀ። ፍላሹን ሰኩት፤ መጫኛውን ከፈቱት። አሁን ስክሪኑ በሙሉ ፊንላንድኛ ነው። ኤልዲን እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበላት። ሦስቱ ምርጫዎች እንደገና መጡ።

የላይኛው ጥቁር ነበር። ተመርጦም ነበር።

ኤልዲን ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና ጣሪያውን በመዳፉ መታው። «አየሽ! አየሽ አይደል! ፕሮግራሞች፣ ሴቲንግስ፣ ሁሉም! ዲሳ፣ አንቺ እኮ አደገኛ ነሽ!» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ቀጥል በይው። አዎ። አሁን ይቺ ቁልፍ፣ ጫን ማለት ናት። ተጫኚያት፤ በቃ።»

ዲሳ ጣቷን ማውሱ ላይ አደረገች። ነገሩ ተፈትቷል፤ ታዲያ ለምን አልቀለላትም? ግራጫው ለምን ግራጫ እንደነበር አውቃለች። ይህች ቁልፍ ከተጫነች በኋላ የሚሆነውን ግን አታውቅም። ምናልባት ሁሉም ደህና ይሆናል። ምናልባት ያ አሮጌ ፕሮግራም ይነሳና አንድ ገጽ ይጎድልበታል። ቀደም ብሎ ሁለተኛው ምርጫም ትክክል መስሏት ነበር።

በመስኮቱ በኩል ችግኞቹን አየች። አንዱ ገመዱን ገና አልያዘም፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«አባቴ ጥሩ ያለው አንተ መቶ ጊዜ ስለሠራኸው ነው» አለች። «እኔም አይቻለሁ ስላልኩት።»

ኤልዲን ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «አይቻለሁ አልሽው?»

«አዎ።»

«እኔን?»

«አንተን።»

ኤልዲን ሊስቅ ከጀለ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። «አሁን እኮ ተሳክቷል፣ ዲሳ። ትጫኚያለሽ፤ ይሠራል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም።»

«ባይሠራስ?»

«ይሠራላ።»

«የቪዲዮው ሰውዬ ላይም ሠርቷል» አለች።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ጥግ ላይ ያለውን የቲማቲም ሳጥን ጎትታ በሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ወደ መስታወት ቤቶቹ በውጪ ጫማ መግባት ክልክል ነው፤ በሽታ ይገባል። የራሷን ጫማ አውልቃ የውስጡን አጠለቀችና በመድኃኒት የራሰውን ምንጣፍ ረገጠች። ምንጣፉ ጭብ አለ።

«ምን ልትይው ነው?» አለ ኤልዲን ከኋላዋ።

«የቋንቋውን ነገር። መጥቶ ቁጭ ብሎ ራሱ እንዲያየው። ምናልባት መጀመሪያ ሴቲንጎቹን አንድ በአንድ ፎቶ እናነሳ ይላል፤ ምናልባት ጫኑት ይላል። ፕሮግራሙ የእሱ ነው።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ እኔ ልነግረው ነው የምሄደው። አላየሁም ስለው ግን ስለ አንተ ይጠይቀኛል።»

«ስንት ጊዜ ሠርቶታል ብሎ?»

«አዎ።»

ኤልዲን ስክሪኑን አየ። ቁልፏ አሁንም እንደበራች ነው፤ አንድ ጠቅታ ብቻ። ማውሱ ከእጁ አጠገብ ነው። ዲሳ አየችው፤ አየችና እዚያው ተወችው። በሩን ከፈተች፤ ሞቃቱ እርጥብ አየር ፊቷን መታው።

ጥቂት እንደተራመደች ከኋላዋ የጫማ መደርደሪያው መሳቢያ ሲንኳኳ ሰማች።

«ቆይ አንዴ» አለ ኤልዲን። «በእኔ ልክ የሚሆን የውስጥ ጫማ የትኛው ነው?»

«ሰማያዊው። ይሰፋሃል።»

«ይስፋ» አለ። ከዚያም እግሮቹ ጫማው ውስጥ እየተንሸራተቱ፣ በምንጣፉ ላይ ጭብ ጭብ እያለ ተከተላት።