ስድስተኛው አያት

ወለላ እስራኤል አገር፣ ጌዴራ ከተማ ውስጥ የታወቀች የፍቺ ጠበቃ ናት። ጠዋት ማታ የተጣሉ ባልና ሚስት ስለምታይ «ትዳር ለደንበኞቼ እንጂ ለእኔ አይሆንም» እያለች እናቷን ታበሽቃለች።

አንድ ቀን ቢሮዋ የመጡ ባልና ሚስት በልጆቹም በቤቱም ተስማምተው ከጨረሱ በኋላ በአንድ ትልቅ ድስት ተያያዙ። መሰላል ላይ ቆሞ ማዝጋኑን፣ የቢሮውን አየር ማቀዝቀዣ፣ የሚጠግነው ቢረሳው የሚባል የያቭኔ ከተማ ልጅ ሁሉንም ይሰማ ኖሯል።

«ድስቱን ለእኔ ስጡኝና፣ ያላ፣ ተገላገሉ!» አለ።

ሰዎቹ ከት ብለው ሳቁ። ወለላ ልትቆጣው ቀና አለች፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን እሷም ሳቀች። ባልና ሚስቱ መፋታቱን ተፋቱ፣ ግን በሰላም። ማዝጋኑም ከዚያ ወዲያ ምንም ሳይሆን በየሳምንቱ ቢረሳውን ያስጠራ ጀመር።

ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከ። ቂርያት ማላኪ፣ በወለላ አባት በአቶ ዘበነ ሳሎን ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ አይጋባምና። ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ አባ ዘሩ ከወላጆቻቸው ጀምረው የሁለቱንም አያቶች በቃላቸው እየጠሩ ሄዱ፤ ስድስተኛው ላይ ቆሙ።

«ሁለቱም ሐብቴ ላይ ይገናኛሉ። እነዚህ ልጆች እኮ ወንድምና እህት ናቸው።»

ቢረሳው አንገቱን ደፋ። ወለላ ምን ያህል እንደምትወደው በደንብ የገባት ያኔ ነው፤ እንባዋን መያዝ አቃታት።

ግን ጠበቃ አይደለች? በቤተሰብ ፍርድ ቤት ስንት ዓይነት አባት አይታለች፤ ወልዶ የጠፋም፣ ሳይወልድ ያሳደገም። ሽማግሌዎቹን ለምና እንደገና አስቀመጠች። የቢረሳውን አያት፣ እማማ ሙሉመቤትንም ከያቭኔ በመኪናዋ አመጣች።

«አባ ዘሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ። ሐብቴ የቢረሳውን አምስተኛ አያት ወልዶታል ወይስ አሳድጎታል?»

«የሐብቴ ልጅ ሲባል ነው የሰማሁ።»

«ሲባል ነው። እርስዎስ፣ እማማ?»

«የአያቴን አባት ነው የምትዪኝ?» አሉ እማማ። «ሐብቴማ እንጀራ አባቱ ነው! እናቱን ሲያገባ ልጁ ድክ ድክ ይል ነበር። እንደ ልጁ ስላሳደገው በስሙ ተጠራ።»

ቢረሳው ብድግ አለ። «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?»

«ማን ጠየቀኝ? ወንዶቹ ለብቻችሁ ተሰብስባችሁ ትቆጥራላችሁ!»

አባ ዘሩ የልጁን የወላጅ አባት ስም ጠየቁ፤ እማማ ነገሯቸው። ከዚያ በላይ ያለውን ሁለቱ እየተራረሙ ቆጠሩ፤ በየትም በኩል አልተገናኘም።

«ቤሰደር፣ እሺ» አሉ አባ ዘሩ። «ተሳስቻለሁ። ልጆቹ ይጋቡ!»

አቶ ዘበነ ልጃቸውን አቅፈው ሳሙ። እልልታው ከሦስተኛው ፎቅ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተሰማ።

የሠርጋቸው ማግስት ቢረሳው አዲስ ትልቅ ድስት ተሸክሞ ገባ።

«ጠበቃዬ፣ ከአሁኑ እንነጋገር። ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እኔስ?»

ወለላ ድስቱን ከእጁ ወስዳ አስቀመጠችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተም የእኔ ነህ። ይግባኝ የለውም!»