ዘጠኙ ቀይ ነጥቦች

«ይህን ቁልቁል የሚወርድ የእርጥበት መስመር ተመልከቱልኝ!» አለ ኢንጂነር ሬናን፣ ጣቱን ምስሉ በሚታይበት ነጭ ሸራ ላይ እየጎተተ። «ተፈጥሮ ስትሠራ እንዲህ ነው የምትሠራው!»

ዩሊሳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ቆማ ሳቋን ዋጠች። መስመሩን የሠራችው ተፈጥሮ አልነበረችም። እሷ ነበረች፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ፣ የበቆሎ ቆሎ እየቆረጠመች።

ኢንጂነሩ በመሬት መንቀጥቀጥ የተሰነጠቀውን የሳን ኢሲድሮ ቤተ ክርስቲያን ሊያድስ ከዋና ከተማዋ ከሊማ ወደ መንደሩ ከወጣ ብዙ ወራት ሆነው። መጀመሪያ ድሮን አበረረ፤ ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል እስኪያቆሙ ድረስ። ቀጥሎ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ተከለና አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ለቀመ። በመጨረሻም ግድግዳው ጭቃ መሆኑን ደረሰበት። «ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማን በነገረን!» ብላ ዩሊሳ በክፍሏ ልጆች ፊት ሙድ ያዘችበት።

ጭቃውን የሚያቦካው ደግሞ አያቷ ነበር። ዶን ፎርቱናቶ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጭዱንና ቁልቋል የተዘፈዘፈበትን ውሃ ከአፈሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ይውላል፤ ማታ የበሰበሰ ቁልቋል እየሸተተ ይገባል። የክፍሏ ልጆች በዚህ ምክንያት «ቁልቋሊት» ይሏታል። ስለዚህ አያቷንም ናቀችው። ዩሊሳ ንቀቷን ስታከፋፍል አድልዎ አታውቅም።

ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ የሚያጠናክር መረብ ለብሶ በአያቷ ጭቃ ከተለሰነ በኋላ፣ ኢንጂነሩ ከትምህርት ቤቱ በሒሳብ አንደኛ የምትወጣውን ዩሊሳን መረጠ። «ወጣቷ ተመራማሪ» የሚል ባጅ ደረቷ ላይ ለጠፈላት። ሥራዋ ቀላል ነበር፤ በየማለዳው ባለ ሁለት ጥርሱን መሣሪያ ግድግዳው ላይ በተቀቡት ዘጠኝ ቀይ ነጥቦች ላይ እየሰኩ የግድግዳውን እርጥበት ማንበብ፣ ከዚያም ታብሌቱ ላይ መመዝገብ። ሦስት ቀን አደረገችው። በአራተኛው ቀን ውርጭ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ከአልጋዋ መምጣት ጀመሩ። በዘፈቀደ አልጻፈችም፤ ውሸትም ሒሳብ ይፈልጋል። ሃያ አንድ በመቶ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ እንዲታመን ደግሞ ትንሽ ከፍ አድርጋ ሃያ። ዛሬ ማለዳ ቁጥሩን ወደ ስድስት በመቶ አወረደችው።

«እንግዲህ ሰምታችኋል፣ ደርቋል!» አሉ ከንቲባው ተነስተው። የማዕረግ መቀነታቸውን ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድመው ታጥቀውታል። «ኖራው ዛሬ ይቀባል፤ ነገ ቅዱሳችንን በነጭ ቤቱ እናከብራለን!»

ከጥግ በኩል ዶን ፎርቱናቶ በባዶ እግሩ መጣና የእጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ይህ ገና ውሃ ነው» አለ። «አሁን በኖራ ካፈናችሁት ውርጩ ከውስጥ ይነፋዋል፤ ልስኑ እንዳለ ይረግፋል። ሃያ ቀን ስጡት።»

«ዶን ፎርቱናቶ፣ የእጅዎ ባትሪ አልቋል መሰለኝ!» አሉ ከንቲባው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

«አባት፣ መሣሪያ አይሳሳትም» አለ ኢንጂነሩ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

የዩሊሳም ከንፈር እንደ ልማዱ ለፌዝ ሊላቀቅ ቃጣው። አያቷ አሁን እንደሚጮህ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ በጭድ ርዝመት ጉዳይ ከቄሱ ጋር ሦስት ቀን ተሟግቷል። አልጮኸም። ወደ እሷ ዞረ።

«ዩሊሳ፣ በየቀኑ የምትነኪው አንቺ ነሽ። ደርቋል?»

ሁሉም ባጇን አዩ።

«ደርቋል፣ አያቴ።»

ሽማግሌው የእጁን ጀርባ ተመለከተ፤ ገልብጦም መዳፉን አየ። ዶማው የተሰበረበት ሰው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ያረጀው እጄ ነው» አለ። «ከእንግዲህ ጭቃውን ሌላ ሰው ይርገጥላችሁ።» ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ለጩኸቱ የሚሆን ንቀት አዘጋጅታ ነበር። ለዚህኛው ግን ምንም አልነበራትም።

ሰዉ ኖራውን ሊበጠብጥ ወደ ግቢው ሲግተለተል፣ ዩሊሳ መሣሪያውን ከሳጥኑ አወጣች። ጥርሶቹ መሃል ሸረሪት ቤት ሠርታለች። ጠረገችና የመጀመሪያው ቀይ ነጥብ ላይ ሰካችው።

ሃያ ሁለት።

ታብሌቱ ላይ ጻፈችው። ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፦ «ይህ ቁጥር ከቀደሙት ጋር አይጣጣምም። እርግጠኛ ነዎት?»

ማሽኑ እንኳ አንቱ አላት።

የጎን በሩ ክፍት ነው። በዚያ ብትወጣ ትምህርት ቤት ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ትደርሳለች። ነገ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ወር ሲረግፍም ሰው ሁሉ የሽማግሌውን ጭቃ ይወቅሳል፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። ከውጭ «ብሩሾቹ የታሉ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አዎ» የሚለውን ተጫነች። ማስታወሻ መጻፊያው ውስጥም «ከአራተኛው ቀን ወዲህ ያሉት ሁሉ የፈጠራ ናቸው። ዩሊሳ» ብላ ላከችው።

ግቢው ውስጥ የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ ኖራውን አትንኩ! ይህን የጻፈው ማነው?» ሲል ተሰማ።

«እዚህ ነኝ!» አለች ዩሊሳ፣ ወደ ሁለተኛው ነጥብ እየሄደች። መሣሪያውን ከመሰካቷ በፊት የእጇን ጀርባ አስቀደመች።