እቴቴ አትቆጣም

ክብሪት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምን ያስቃችኋል? ክብሪት የቤት ስሟ ነው። ትንሽ ሲነኳት ቱግ ስለምትል አባቷ ነው ያወጣላት። ከአባቷና ከአክስቷ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። የአባቷ ታላቅ እህት ስለሆነች እሱም፣ ክብሪትም፣ ጎረቤቱም እቴቴ ነው የሚሏት።

ክብሪትና እቴቴ የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ባለ ሁለት መሳቢያ ኮመዲኖ አለ። የላይኛው መሳቢያ የእቴቴ ነው። መቀሱ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ፣ ሌላው ቀርቶ ከባዱ የብረት ካውያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የታችኛው የክብሪት ነው።

መሳቢያ ለምን እንደሚንሸራተት ታውቃላችሁ? በግራና በቀኝ የብረት ሐዲድ አለው። ሐዲዱ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማዎች አሉ። ጎማው ተበልቶ ሲያልቅ መሳቢያው ያዘነብላል፣ ይነክሳል፣ አልወጣም ይላል። የክብሪት መሳቢያ እንዲህ ሆኖ ነበር።

«አባዬ፣ መሳቢያዬ እንቢ አለኝ!»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ነገ አዲስ ሐዲድ ገዝቼ እቀይርልሻለሁ።»

ነገ መጣ፤ አባቷ ረሳ። ሌላ ነገ መጣ፤ አሁንም ረሳ። የሰፈሩን ቧንቧ ሁሉ ሲጠግን የሚውል ሰው የገዛ ልጁን መሳቢያ ማየት አቃተው! እንዲህ ዓይነት አባት እኔንም ያናድደኛል፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ክብሪት የትምህርት ቤት ሹራቧን ልታወጣ መሳቢያውን ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። አንድ እግሯን ኮመዲኖው ላይ አስደግፋ ባላት ኃይል ጎተተችው። ግማሹ ወጣና ተቀረቀረ። የሹራቡ እጅጌ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ጨርር ብሎ ተቀደደ። ትምህርት ቤት አርፍዳ ደረሰች። የተቀደደ ሹራቧን እንደለበሰች ሰልፉ ፊት አቆሟት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁባት።

ወደ ቤት ስትመለስ ደሟ ፈልቶ ነበር። «ነገ! ነገ! ይኼ ነገ የሚሉት ቀን መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ደረጃውን ወጣች። ቤት ውስጥ ማንም የለም። እቴቴ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታለች። የአባቷ የመሣሪያ ሳጥን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ክብሪት ከፈተችውና ካቻቢቴውን አነሳች።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መናደዷ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ልክ ነው! አባቷን ጠብቃ «ቃልህን አልጠበቅክም» ብትለው እኔ ራሴ አጨበጭብላት ነበር። እሷ ግን አባቷን ፈራች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገራችን ሰው፤ ይኸውላችሁ።

የእቴቴን ዕቃ አውጥታ አልጋ ላይ ዘረገፈችው። የእቴቴን ደህና ሐዲድ ፈታችና ለራሷ መሳቢያ ገጠመች። ያረጀውን ደግሞ የእቴቴ መሳቢያ ላይ ገጠመችው። ብሎኑ ሐዲዱን ስትፈታ በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ዝም ብሎ ይዞር ነበር፤ አልጠብቅ አለ።

«እቴቴስ?» አለ ልቧ።

«ምን ትሆናለች? እቴቴ አትቆጣም» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ መቀሱንም፣ ካውያውንም፣ ሁሉንም መልሳ ጫነችበት። የራሷን መሳቢያ ከፈተች፤ ዘጋች፤ ከፈተች። እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። እሰይ አለች! ዋ፣ እሰይ!

ማታ እቴቴ የጨርቅ ጥቅል ታቅፋ ገባች። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የደንብ ልብስ ልትሰፋ ተስማምታ ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ማድረስ አለባት። ካላደረሰች ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሰጥባታል። መቀሷን ልታወጣ መሳቢያውን ሳበችው። መሳቢያው አንዴ ተንገዳገደና ከነካውያው ቀኝ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ዋይ! እግሬን!»

አባትየው ሮጦ መጣ። ታች ቤት ያለችው ነርስ ተጠርታ አየቻት። «አልተሰበረም፤ ግን ሰሞኑን እንዳትረግጪበት» አለች። እንዴት አትረግጥም? የእቴቴ የስፌት መኪና የሚሠራው በእግር ነው! በቀኝ እግሯ መርገጫውን ካልረገጠች አንድ ስፌት እንኳ አይወጣም።

አባትየው ደንግጦ ነበር። የደነገጠ ሰው ደግሞ የሚናገረውን አያውቅም። «እቴቴ፣ ምነው! ይህን ሁሉ ብረት መሳቢያ ውስጥ ማን ይጭናል? ራስሽ ነሽ የሰበርሽው!» ብሎ ጮኸባት።

«እውነትህን ነው» አለች እቴቴ እግሯን ይዛ። «አጨናንቄው ነው።»

ክብሪትስ? በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች፤ ሁሉንም ትሰማለች። አንጀቴ አረረ እኮ፣ ልጆች! የተጎዳችው እቴቴ፣ የተሰደበችው እቴቴ፣ «አጠፋሁ» ያለችው እቴቴ። ጥፋተኛዋ ግን ምላሷን ውጣ ቆማለች።

እራት ቀረበ። የዚያን ዕለት የመጸለይ ተራው የእቴቴ ነበር። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ዓይኗን ጨፈነች። «አምላኬ ሆይ፣ በግዴለሽነቴ ቤቱን አወክሁት። ደክሞት የገባውን ወንድሜንም አስጨነቅሁት። እባክህ ይቅር በ...»

«አትበይ!»

ክብሪት ናት። ብድግ ብላ ቆማለች። በራሷ ላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

«ይቅርታ አትጠይቂ! ያንቺ ጥፋት አይደለም! ሐዲዱን የቀየርኩት እኔ ነኝ! የኔን አሮጌ ላንቺ ገጥሜ ያንቺን ወሰድኩት!»

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። «ምን? ምን አልሽ አንቺ?» ብሎ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለችው እቴቴ። «እግሩ የኔ ነው፤ የምጠይቃት እኔ ነኝ።» ወደ ክብሪት ዞረች። «ለምን የኔን መረጥሽ?»

ክብሪት አንገቷን ደፋች። «አንቺ… አትቆጪም ብዬ።»

የእቴቴ ፊት ተለዋወጠ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ሰሃኖቹ ተንጫጩ።

«አልቆጣም? ማነው የነገረሽ? ዝም የሚል ሰው አያመውም? ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እግር የለውም? ተቆጥቻለሁ! ከእግሬ ይልቅ ይኼ ነገርሽ ነው ያቃጠለኝ!»

«ልክ ነሽ፣ እቴቴ፤ ይህች ልጅ እኮ…» አለ አባትየው።

«አንተም ዝም በል! ነገ ነገ እያልክ ልጅቷን ያሳረርካት አንተ ነህ። ደግሞ እግሬ አብጦ እያየህ ትጮህብኛለህ?»

አባትየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «አጥፍቻለሁ፤ ሁለታችሁንም በድያለሁ» አለ።

ክብሪት ከእቴቴ ወንበር አጠገብ ተንበረከከች። እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል። «እቴቴ፣ ይቅር በይኝ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበለኝ።»

እቴቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «ይቅር ብዬሻለሁ። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም፤ እሱ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። አሁን ተነሺና ብይ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

በማግስቱ አባትየው ሥራ ከመግባቱ በፊት ለሁለቱም መሳቢያ አዲስ ሐዲድ ገዝቶ መጣ። «የእቴቴን እናስቀድም» አለች ክብሪት። የሰፋውን የብሎን ቀዳዳ በክብሪት እንጨትና በኮላ ደፈኑት። የክብሪት እንጨት ነው ያልኩት! ልጅቷን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ምን ያስገባታል? ኮላው ሲደርቅ ሐዲዱን በግራና በቀኝ እኩል አድርገው ገጠሙት። አባትየው ያሰረውን ብሎን ሁሉ ክብሪት ደግማ አጠበቀችው። ያረጀውን ሐዲድ ራሷ ወስዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

የደንብ ልብሱስ? ክብሪት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ከስፌት መኪናው ሥር ገብታ ቁጭ አለች። መርገጫውን በሁለት እጇ ይዛ ትጫን ጀመር። እቴቴ ከላይ ጨርቁን ትመራለች።

«ቀስ! ቀስ በይ አልኩሽ! … አሁን ፍጠኚ! … ቁሚ! ጣቴን ከእጅጌው ጋር ልትሰፊው ነው እንዴ?»

ክብሪት መዳፏ ውሃ ቋጠረ። ወገቧን አመማት። ሆኖም በየቀኑ እየመጣች እዚያው ሥር ትገባለች። ልብሱ አንድ በአንድ እየተሰፋ ወንበሩ ላይ ይከመር ጀመር። ሳምንቱ ሳያልቅ የመጨረሻው ቀሚስ ላይ ሲደርሱ ክብሪት ከሥር ሆና በቀስታ ጠየቀች።

«እቴቴ፣ አሁንም ተናደሻል?»

መኪናው ቆመ። እቴቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ከትናንት ይሻላል» አለች። «በይ ተጫኚ፤ ጫፉ ቀርቶናል።»

ልጆች፣ ስትበደሉ ለበደላችሁ ሰው በግልጽ ንገሩት እንጂ በደላችሁን አንስታችሁ ዝም በሚል ሰው ላይ አትጫኑ፤ እግዚአብሔር የማይጮኸውንም ሰው ይሰማል።