እጅ ያልደረሰበት ጀርባ

የምስራች የሞተችው ሠርጓ ሲቃረብ ነው። ኢንስፔክተር ዊዳድ በደሴ ከተማ ወደሚገኘው ሆስፒታል ተጠርታ ስትደርስ የሟች ፊት፣ ደረት፣ ክንድና እግር እሳት የበላው ይመስል ነበር። እሳት ግን አልነበረም። ልጅቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ነጂባ በምትባል ሴት የውበት ሳሎን «የፀሐይ አልጋ» ከሚሉት ላይ ተኝታ በደህና ወጥታ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ገላዋ ውሃ ቋጠረ፣ ቁስሉ መረቀዘና ሕይወቷ አለፈ።

የፀሐይ አልጋ ማለት ከላይም ከታችም የመብራት ዘንግ የተደረደረበት፣ እንደ ሣጥን የሚከደን አልጋ ነው። ነጂባ ከቤሩት ስትመለስ ያመጣችው ነው። ፀሐይ በነጻ በሚያቃጥልበት በኮምቦልቻ ማን ከፍሎ ይሞቃል ብሎ ያልሳቀባት አልነበረም። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ውስጥ የሚውሉ ሴቶች ፀሐይን የሚያገኙት በእረፍት ቀናቸው ብቻ ነው፤ አንገቷና ደረቷ ላይ ለምጽ የነበረባት የምስራችም ያጠፋልኛል ብላ ከሥራ ስትወጣ ወደዚያ መሄድ ጀምራ ነበር። አሁን ሳሎኑ ታሽጓል፣ ነጂባም ታስራለች፤ ከተማው ፈርዶባት ጨርሷል።

ዊዳድ ሐኪሙን አስከሬኑን እንዲያገላብጥላት ጠየቀችው። የሟች ጀርባ ከትከሻዋ መካከል እስከ ወገቧ ድረስ ንጹሕ ነበር። አንዲት ቁስል እንኳ የለበትም። ዊዳድ እሱን ስታይ ብዙ ቆየች።

ነጂባን ያነጋገረቻት ጣቢያ ነው።

«ወላሂ እንደ ወትሮው ነው ያበራሁላት! ከሷ በፊት እኔው ራሴ ተኝቼበት ነበር።»

«ስትገባ የተቀባችው ነገር ነበር?»

«ቅቤ። አክስቷ የላኩላት ነው አለችኝ። ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል፤ ደስ የሚል ሽታ ስለሆነ ምንም አላልኳት።»

«ጀርባዋን ማን ቀባላት?»

«ማንም። እኔ ልቀባሽ ብላት አፍራ እምቢ አለች።»

ቀጥላ የሄደችው የምስራችና ጓደኛዋ ጽናት ተከራይተው ወደሚኖሩባት ክፍል ነው። ሁለቱም አንድ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ጽናት በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ውሃ አቀረበችላት።

«ቅቤውን ማን አመጣላት?»

«እኔ ነኝ፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከአክስቷ ከእማማ አልጣሽ ተቀብዬ። ግን ቅቤ ምን ያደርጋል? ያን መብራት ያመጣችብንን አይጠይቁም?»

ብርጭቆውን ስታቀብል እጅጌዋ ተሰበሰበ። ክንዷ ላይ ጥቁር ሰንበር ነበረ፤ ከአጠገቡም ውሃ የቋጠረ ቁስል።

«ምን ነካሽ?»

«ጤና አዳም ነው። ለሠርጉ በርበሬ ሲደለዝ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ስሸመጥጥ ውዬ።»

«አብሽሪ፣ ይድናል» አለች ዊዳድ። ግድግዳው ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ነበር። «ሙሽራውን ታውቂዋለሽ?»

«አብርሃምን? ያስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ» አለች ጽናት፤ ፎቶውን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ሟችን ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ አልጣሽ ደጃፋቸው ላይ ፊታቸው አብጦ ተቀምጠዋል።

«የጠዋት ፀሐይ ሙቂ ብያት ነበር፣ ልጄ። ፀሐይ ሲበዛብሽ ወደ ጥላ ትሸሺያለሽ፤ ያ ሣጥን መሸሻ የለው። እምቢ ስትለኝ ቆዳዋ እንዳይደርቅ ብዬ ቅቤ ላክሁላት።»

«ጤና አዳም ጨምረውበታል?»

«ለገላ? ምን ሲባል! ለጋ ቅቤ ነው፤ ምንም አልነካውም።»

በማግሥቱ ዊዳድ ሁሉንም በነጂባ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የፋብሪካው መካኒክ አብርሃምም ጥቁር ለብሶ መጣ።

«ይህ አልጋ ከላይም ከታችም ያበራል» አለች አልጋውን ከፍታ። «የገደላት መብራቱ ብቻ ቢሆን ጀርባዋም በተቃጠለ ነበር። የተረፈው የገዛ እጇ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ያቃጠላት እንግዲህ ቅባቱ ነው፤ መብራቱ ያነደደው ቅባት። ነጂባ ጤና አዳም ሸቷታል። እማማ አልጣሽ፣ ጤና አዳም የነካ ገላ ፀሐይ ሲያገኘው ምን ይሆናል?»

«ያቃጥላል እንጂ! በርበሬ ስንደልዝ ለጽናት ነግሬያታለሁ፤ ክንዷ ያን ጊዜ ነው የቆሰለ።»

«በርበሬው መቼ ተደለዘ?»

«ሁዳዴ ሳይገባ።»

ዊዳድ ወደ ጽናት ዞረች። «ፋሲካ ካለፈ ሰነበተ። ጥቁሩ ሰንበር የዚያን ጊዜው ነው፤ እሱ ላይ አልዋሸሽም። ውሃ የቋጠረው ግን የሰሞኑ ነው። ጤና አዳሙን ጨምቀሽ ቅቤው ውስጥ ስትጨምሪ መዳፍሽን ታጠብሽ፣ ወደ ክንድሽ የወረደውን ረሳሽ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ወጣሽ። ምን እንደሚያደርግ አስቀድመሽ በራስሽ ገላ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጽናት ለመካድ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ አብርሃም ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«እንድትሞት ብዬ አይደለም! ለሠርጓ ፊቷ እንዲበላሽ ነው የፈለግሁት። እኔን እዩኝ፣ እንከን አለብኝ? ቀድሜ የወደድሁት እኔ! እሱ ግን ያን ለምጽ ሳይቀር ሲስምላት በዓይኔ አየሁ። ቅናት አንጀቴን በላኝ!»

«ለምጹን አጥፊው ብያት አላውቅም» አለ አብርሃም ወደ ጽናት ዞሮ። «ፎቶ ላይ ይታይብሻል ያላት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጽናት አንገቷን ደፍታ።

ዊዳድ የሳሎኑን ቁልፍ ለነጂባ መለሰችላት። ነጂባ ቁልፉን ጨብጣ፣ አልጋውን ሳታየው አልፋ እያለቀሰች ወጣች። ፖሊሶች ጽናትን ወደ በሩ ሲወስዷት የቀትር ፀሐይ እጅጌዋ ተሰብስቦ በተገለጠው ክንዷ ላይ አረፈ።

«ሸፍኚው ልጄ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ እንደ ልማዳቸው። ለማን እንዳሉት የገባቸው ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጽናት እጅጌዋን አላወረደችም።