የሐሞት ጠጠር ነው በያቸው

«የሐሞት ጠጠር ነው በያቸው፤ ኸላስ፣ በቃ!» አለች መሕቡባ ከአልጋዋ ሆና። በሩ እየተንኳኳ ነው።

ልጇ ታስኒም ልትከፍት ተነሳች። እናቷ ከሳምንት በፊት ኾበር ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ከአራት ልጅ በኋላ የተንጠለጠለ ሆዷን አስቆርጣ፣ አሰፍታ መጥታለች። ሆዷ የራሷ ነው፤ ታስኒምም «አድርጊው!» ብላታለች። ግን የወሎ ሴት ሰው ታመመ ሲባል ቤቷ ትቀመጣለች እንዴ? እዚህ ሳዑዲ፣ ዳማም ያሉት የወሎ ጎረቤቶች አምስት ሆነው ሾርባና ቴምር ይዘው ከች አሉ።

«አላህ ያሽርሽ!»

«አሚን!»

ዱዓው ቤቱን ሞላው። በመሃል መሕቡባ ሽንት ቤት ልትሄድ ተነሳች። ስፌቱ ስለሚወጥራት ቀና ማለት አትችልም፤ እንደ ማጭድ ጎብጣ ታስኒምን ተደግፋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እንዳሉ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው የሬሀና ድምፅ ተሰማ።

«ይሄ ሁሉ ለሐሞት ጠጠር ነው? እኔም እኮ እሱው ነው ያለብኝ! ሐኪሙ ‹ከዘገየሽ ይመረቅዛል› ብሎ ለእሁድ ኦፕራሲዮን ቀጥሮኛል። ወላሂ አልገባም! አሁኑኑ ቤት ሄጄ ደውዬ እሰርዘዋለሁ።»

ታስኒም ክው አለች። ባለፈው ወር ሬሀና ልብስ ስትለካላት ጎኗን ይዛ መሬት ላይ ስትንፈራፈር አይታለች። ደግሞ ውሸቱን ለመለማመድ ብላ ስለ ሐሞት ጠጠር ስልኳ ላይ አንብባለች፦ ኦፕራሲዮኑ ብዙ ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሰውም በማግስቱ ተነስቶ ይሄዳል።

«እማዬ፣ ለምን እንደጎበጥሽ ንገሪያት» አለች በሹክሹክታ።

«አፍሽን ዝጊ! ‹ለቁንጅና ብላ ተቀደደች› ሊሉኝ?»

«ይበሉ! ያወሩና ይረሱታል። አክስቴ ሬሀና ብትሞትስ?»

መሕቡባ ከሽንት ቤት ተመልሳ አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሴቶቹ አባያቸውን ለብሰው ወደ በሩ ወጡ። ሬሀና ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ ፈለገች።

«አንዱ ጫማዬስ?»

«እኔ ጋ ነው፣ አክስቴ» አለች ታስኒም፤ እጇ ከጀርባዋ ነበር። «አንቺ ትንሽ ትቆያለሽ። እማዬ የምትነግርሽ ነገር አላት።»

ታስኒም ጫማውን አጥብቃ ያዘች። ዛሬ እናቷ ካልተናገረች እሷ ትናገራለች።

«ታስኒም!» አለች መሕቡባ ከመኝታ ቤቱ። «ሌሎቹን ሸኚና በሩን ዝጊው። ሬሀናን አስገቢያት።»