የተዘቀዘቀው መጽሐፍ

እትዬ አይጥመኝም ሬሳ አያስጠላትም። የሚያስጠላት ሬሳ ዙሪያ ቆሞ ከንፈር የሚመጥ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የፖሊስ ባልደረቦቿ ናቸው፤ «አደጋ ነው፣ እንዝጋው» በተባለ ቁጥር «አይጥመኝም» ስለምትል።

ዛሬም አልጣማትም። ሟቹ ለኮሌጁ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን እያነበቡ በድምፅ የሚቀርጹ ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪዎቹ «ጋሼ ጉሮሮ» ይሏቸዋል። የሞቱት በዚያችው በመቅረጫዋ ክፍል ውስጥ ነው። ቁም ሣጥን የምታክል፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ የታሸገ፣ ድምፅም አየርም የማያሳልፍ ክፍል ናት። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ከርሟል፤ አስጠግኑልን ቢባል ሰሚ አልተገኘም። አንዴ ከተዘጋ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። ጋሼ አስም ነበረባቸው። የሚሳበው መድኃኒታቸው፣ ስልካቸውና መነጽራቸው ውጭ በተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ተገኙ። በሩ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ በጥፍር ተቧጥጦ እንጨቱ ታይቷል።

ከበሩ በላይ ቀይ መብራት አለ። ማብሪያው ከውጭ ነው። ሲበራ ንባብ እየተቀረጸ ነውና ማንም አይከፍትም። ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ በርቶ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ «ዛሬስ በዛ» ብሎ በሩን የከፈተው ቴክኒሻኑ ነበር።

መቅረጫዋ ክፍል ያለችበት የዓይነ ስውራን መጻሕፍት ማዘጋጃ ኃላፊ ሽቶውን አርከፍክፎ፣ መሀረብ ይዞ ቀረበ። ትናንት ጠዋት ጋሼ ሳይመጡ ቢሮውን ከፍቶ ወደ ዋናው ሕንጻ እንደ ሄደ፣ ምሳ ሰዓቱን ንግግሩን ብቻውን ሲያጠና እንዳሳለፈ፣ ከዚያም ከስብሰባ ወደ ግብዣ ገብቶ ወደ ማዘጋጃው የተመለሰው ሬሳው ከተገኘ በኋላ እንደ ሆነ ነገራት።

«አደጋ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋሼ በሩ እንዳይዘጋ ወፍራም መጽሐፍ ሥሩ ያደርጉ ነበር። ጠዋት አብራቸው የነበረችው ያቺ ዓይነ ስውር ተማሪ ናት። ስትወጣ በእግሯ ገፍታው ይሆናል። ምን ታድርግ፣ አታይ። አደራ፣ እንዳትጨክኑባት።»

ከእናት በላይ አዛኝ ቅቤ አንጓች አለች መርማሪዋ በልቧ። የሻገተ ነገር የቀመሰች ያህል አፏ መረራት።

ተማሪዋ መተላለፊያው ላይ በትሯን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ የሚያልፈው ሁሉ «ያቺ ናት» ሲል ትሰማለች። ከራሷ ጭንቅላት በላይ ግድግዳው ላይ የኃላፊው ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በጣት የሚነበብ የብሬይል መጽሐፍ ደረቱ ላይ አቅፎ ሽልማት ሲቀበል። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠችና ትናንት ጠዋት ከጋሼ ጋር ምን ሲሠሩ እንደ ነበር ጠየቀቻት።

«ማዘጋጃው ያወጣቸውን አዲሶቹን መጻሕፍት ስናጣራ» አለች ልጅቷ። «እሳቸው በማሽን የተነበበውን ሲያዳምጡ፣ እኔ ብሬይሉን በጣቴ ስከተል። እትዬ፣ ማሽኑ ገልብጦ የጣለውን ማንም አላረመውም። የኬሚስትሪው ሠንጠረዥ ቁጥሩ ከቁጥር ተደባልቋል። ሥዕል ያለበት ጋ ‹ሥዕል› ብሎ ያልፋል። ሁለት ጊዜ የወደቅኩት እሱን አጥንቼ ነው። ሰነፍ ተብዬ ልባረር ነው። ጋሼ ትናንት ስብሰባው ላይ ሊመሰክሩልኝ ነበር።»

«በሩስ?»

ፈገግ አለች። «ከነዚያው መጻሕፍት አንዱን ነበር ሥሩ የወተፉት። ‹ይኸው አንድ ቁም ነገር ሠራ› ብለው ስቀናል። ስወጣ በበትሬ ነክቼው ተሻግሬዋለሁ። ቦታው ላይ ነበር።»

ከምሳ በኋላ ልትወስዳቸው ስትመለስ ቴክኒሻኑ «መብራቱ በርቷል፣ እያነበቡ ነው፣ አትረብሺያቸው» ብሎ መለሳት። ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው ጋሼ የት እንዳሉ ሲጠይቁ ኃላፊው ተነሥቶ ቀይ መብራቱ በርቷል፣ ቀረጻ ላይ ናቸው አለ። ቀጥሎ መጽሐፍ ለሁሉም ስለ ማዳረስ ተናገረ። ተጨበጨበለት።

«እኔም አጨበጨብኩ እትዬ» አለች። «ሁሉም ሲያጨበጭብ።»

ቴክኒሻኑ እያለቀሰ ነበር። ስለ መብራቱ ከልጅቷ በቀር ለማንም አልተናገረም፤ ኃላፊውንም ቀኑን ሙሉ አላየውም። ከምሳ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል፣ ሥሩም መጽሐፍ አልነበረም። መርማሪዋ ወደ መደርደሪያው ሄደች። አንደኛው ቅጽ ሽፋኑ ላይ በር የረገጠበት ስርጉድ አለው። በጀርባው ያሉትን ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ነጥቦች ከጎረቤቶቹ ጋር በጣቷ እያነጻጸረች ዳሰሰች። የሌሎቹ ከላይ ይጀምራሉ፣ የዚህ ከታች። ተዘቅዝቆ ነበር የቆመው።

ሁሉንም ወደ ማዘጋጃው አስጠራቻቸው፤ ኃላፊውን፣ ቴክኒሻኑን፣ ተማሪዋንና የስብሰባውን ሰብሳቢ።

«ጋሼ ያለ መነጽር አንድ ፊደል አይለዩም» ብላ ጀመረች። «መነጽራቸው ውጭ ነበር። ስለዚህ እያነበቡ ሳይሆን እያዳመጡ ነበር። ለማዳመጥ መብራት አይበራም፣ በርም አይዘጋም። መብራቱን ያበራው ማንም እንዳይከፍትላቸው የፈለገ ሰው ነው።»

«ልጅቷ መጽሐፉን ስትገፋው...» አለ ኃላፊው።

«በእግር የተገፋ መጽሐፍ ወለል ላይ ይቀራል። ይሄ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ያወጣው ሰው ደግሞ ዘቅዝቆ ነው ያቆመው። እሷ ብታቆመው ጣቷ ይነግራታል። ቴክኒሻኑ ራሱ የሚጠርዛቸው ናቸው። የዚህን ቤት መብራትና እጀታ እያወቀ፣ የዚህን ቤት መጽሐፍ ላይና ታች የማያውቅ ማን ነው?»

ቴክኒሻኑ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ፎቶው ላይም ዘቅዝቆ ነው የያዘው» አለ። «ያየነው ሁሉ ስንስቅበት ነው የከረምነው።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ኃላፊው ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

«ብሬይል የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ?» አለ ፊቱ ቀልቶ።

«አይደሉም፤ እኔም አላውቅም። ግን ጋሼ ሳይመጡ ወጥቼ ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው የተመለስኩት ብለውኛል። ስብሰባው ላይ ቀይ መብራቱ በርቷል ያሉት ከየት አውቀው ነው?»

ሰብሳቢው ቀና አሉ። «እውነት ነው፣ ብሏል። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ቴክኒሻኑን አየ። ቴክኒሻኑ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ተማሪዋም «እኔም ለማንም አልተናገርኩም» አለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ሊያላክክ የመጣ ሰው አሁን የሚያላክክበት ጠፋው።

«ልገድላቸው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ያንን ጉድ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳያወጡብኝ ነው። ስብሰባው እስኪያልቅ ብቻ ነበር።»

«ካለቀ በኋላስ?»

«ግብዣ ነበር። ሰዉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል፣ ይጨብጠኛል...» መሀረቡን ጠመዘዘ። «ረሳኋቸው።»

መርማሪዋ በቁጣ የገደለ አይታለች፣ በቅናት የገደለም አይታለች። ረስቶ የገደለ ግን አላጋጠማትም። ልትተፋ አማራትና ምራቋን ዋጠች፤ ፖሊሶች እጁን ይዘው ሲያወጡት ሽቶው ቀረ፣ እሱንም መስኮት ከፍታ አስወጣችው።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ለተማሪዋ ውጤቷ እንደገና እንደሚታይ፣ እንደማትባረርም ነገሯት። አያይዘውም የኮሌጁ ስም እንዳይነሳ ነገሩ እዚሁ ቢቀር ደግ ነው አሉ።

«አይጥመኝም» አለች እትዬ አይጥመኝም።

ተማሪዋ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች መቅረጫዋ ክፍል ደረሰች። ጋሼ አዳምጠው ያልጨረሱትን ከቆሙበት ልትቀጥል እንደምትፈልግ ተናገረች፤ በዚያ መጽሐፍ የሚያጠኑ ሌሎችም አሉ። ቴክኒሻኑ መጽሐፉን በሩ ሥር ሊወትፍ ጎንበስ አለ።

«እሱን ተወው» አለችው። «አንተ ራስህ ያዝልኝ።»

ማሽኑን አስነሣላት። ከዚያም በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ ቆመ።